የአውቶቡሷ ጠረጴዛ

ጥቅምት 4 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? እትዬ ባለቤትህስ እንዴት ናት? ክረምቱን ሙሉ ድምፄ በመጥፋቱ ተቀይመሃል አሉ። ብትቀየም እውነትህን ነው። ሦስት ደብዳቤ ተጽፎለት አንዱንም የማይመልስ ሰው ሲያዩት ያስጠላል። ምክንያቴን ብደረድርልህ ደግሞ በነውር ላይ ነውር መደረብ ይሆንብኛል። ስለዚህ ይቅርታህን ስጠኝና እንለፈው። ስልኬም ተበላሽቷል፤ ለጊዜው በወረቀት እንሁን።

የት እንዳለሁ ለጠየቅከኝ፣ ቤቴም ሱቄም የሆነችው አውቶቡሷ ከግንቦት ጀምሮ አንድ ቦታ ቆማለች። ሞተሯን ከሚያይልኝ መካኒክ ጋራዥ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ግንቡን ተጠግታ። ሞተሯ ምንም አልሆነ፤ እኔን ነው መዞር የሰለቸኝ። ድሮ ከገበያ ገበያ የምዞረው ሰዓት የሚያሠራ ሰው ፍለጋ ነበር። አሁን ሰዉ ራሱ ይመጣል። አንዱ የግድግዳ ሰዓቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ አንዷ የሟች ባሏን የእጅ ሰዓት በመሐረብ ጠቅልላ። ከአባባ የወረስኩት ሙያ እስካሁን አላሳፈረኝም።

የሠራህልኝ አልጋ ደህና ነው። የምግብ ማብሰያው ጠረጴዛም ደህና ነው። ከመስኮቱ በላይ የሰቀልከው ሣጥንም ደህና ነው። ከእኔ ጤና የእሱን ጤና አስቀድመህ መጠየቅ መቼ ነው የምትተወው?

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጠረጴዛ ሥራልኝ፤ ሰዓት የምፈታበት። እንጨቱ እንጨት ይምሰል። ቀለም አትቀባው፣ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽም አልፈልግም፤ ዘይት ጠጥቶ የራሱን መልክ ያውጣ። ልኩ ይኸው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከአርባ፣ ስፋቱ ስልሳ፣ ከወለል እስከ ላዩ ሰባ ስምንት ሳንቲ ሜትር። ከሥሩ ምንም ነገር አይኑር። መሳቢያ አይኑረው፣ እግሮቹን የሚያያይዝ አግዳሚም አይኑር። ከፊት በኩል እግር ባይኖረው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ግድግዳው ይሸከመው። ዳር ዳሩን ጠርዝ አብጅለት፣ ትናንሽ ብሎን ተንከባልሎ እንዳይወድቅብኝ። የወደቀ ብሎን ፍለጋ ወለል ላይ መንበርከክ በቃኝ።

ታናሽህ
ሚጣ


ጥቅምት 16 ቀን

ሚጣዬ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ መጋዙ እንኳ እየዞረ ነበር። ቂም አልያዝኩም። ይዤ ከነበረም "ጠረጴዛ ሥራልኝ" የሚለው ላይ ስደርስ ለቀቀኝ። ሌላ አናጺ ጠይቀሽ ብሰማ ነበር ጉዱ።

እንጨት አለኝ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የነበረው አሮጌ ጥድ ከስድስት ዓመት በፊት ነፋስ ሲጥለው ግንዱን አስሰንጥቄ ጣራ ሥር ደርድሬው ነበር። ለማን እንደማስቀምጠው ሳላውቅ ስንቱን ሰው ነፍጌዋለሁ። ትናንት አንዱን ሳንቃ አውጥቼ መላጊያ አሳለፍኩበት። ቀላ ያለ ነው፣ መሐሉ ላይ የእንቁላል አስኳል የሚያክል ጉጥ አለው። ሽታው ወርክሾፑን አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል፤ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አንገቱን ያስገባል።

አሁን ልጣላሽ። አግዳሚ የሌለው ጠረጴዛ ቀበቶ እንደሌለው ሱሪ ነው፤ ቆመው ሲያዩት ያምራል፣ መራመድ ሲጀመር ነው ጣጣው። ግድግዳው ይሸከመው ካልሽ እሺ፣ በብረት ክንድ አስሬ እሰጥሻለሁ። ቁመቱ ግን አልገባኝም። አባባ ሰዓት የሚፈታበት ጠረጴዛ ደረቱ ድረስ ነበር። "ሥራው ወደ ዓይን ይውጣ እንጂ ዓይን ወደ ሥራው አይውረድ" ይል አልነበር? አንቺ ራስሽ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለመድረስ የለስላሳ ጠርሙስ ካሳ ላይ ቆመሽ ነው ያደግሽው። ሰባ ስምንት የጸሐፊ ጠረጴዛ ነው። ወይ ስትለኪ ተሳስተሻል፣ ወይ ወንበርሽ ሌላ ነው። ምን ዓይነት ወንበር ላይ ነው የምትቀመጪው? ልኩን ጻፊልኝ። መተላለፊያውም ጠባብ ነበር፤ አንድ ሜትር ከአርባ የሚገባበት ቦታ እንዴት ተገኘ? ሳንቃውስ በየት በኩል ይገባል?

አንድ የገረመኝ ነገር ልጨምርልሽ። ደብዳቤሽን ምሳ ላይ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ከሥሩ ምንም ነገር አይኑር" የሚለው ጋ ስደርስ ተነስታ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "ምነው?" ብላት "ሽንኩርት ነው" አለችኝ። በቤታችን የዚያን ቀን ሽንኩርት አልተላጠም። ሆስፒታል በሽተኛ ሞቶባት ይሆናል ብዬ ተውኳት። ነርስ ያገባ ሰው ሁሉን አይጠይቅም።

ሣጥኑ ጠንክሮ እንደተያዘ ነው አይደል? አትሳቂብኝ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 28 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ስለ እንጨቱ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ጉጡን እንዳታወጣው።

ቁመቱን አልተሳሳትኩም፤ ሰባ ስምንት ነው። አባባ ያለው ልክ ነው፤ ነገር ግን አባባ የሚቀመጠው ረጅም በርጩማ ላይ ነበር። የእኔ ወንበር ከፍም ዝቅም አይልም። ልኩን ከፈለግከው መቀመጫው ከወለል ሃምሳ፣ ክንድ የሚያርፍበት እጀታው ሰባ። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር ስልሳ አምስት፤ ትንሽ ወፈር ያለ ወንበር ነው። እጀታው ከጠረጴዛው ሥር መግባት አለበት፤ ካልገባ እጄ ሥራው ጋ አይደርስም። አግዳሚውን ያልፈለግኩት ለዚህ ነው።

መተላለፊያው አሁን ጠባብ አይደለም። ከአልጋው ትይዩ የነበረውን ረጅም መቀመጫ መካኒኩ ነቅሎ አወጣልኝ። ጠረጴዛው ከሚቆምበት ፊት አንድ ሜትር ተኩል ባዶ ወለል አለ፤ እሱን እንዳትነካብኝ። በሩንም ወደ ኋላ አዙሮልኛል። ሰፊ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ሳንቃህ ቀጥ ብሎ ይገባል።

እትዬን አትነዝንዛት። ሽንኩርት ካለች ሽንኩርት ነው።

ከእንግዲህ ጥያቄ ካለህ ስለ እንጨቱ ብቻ ጠይቀኝ። እባክህን።

ሚጣ


ኅዳር 9 ቀን

ሚጣ፣

ሰላምታው ይለፈኝ። እጄ ላይ ያለው ብዕር የእኔ አይመስልም።

ትናንት ጠዋት ጠረጴዛሽን ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣልኩት፤ ሁልጊዜም እንደማደርገው፣ በትክክለኛ ልኩ። ቀጥዬ ወንበርሽን ሣልኩ። መቀመጫው ሃምሳ፣ እጀታው ሰባ፣ ስፋቱ ስልሳ አምስት። ቀጥዬ ከፊቱ አንድ ሜትር ተኩል ባዶ ቦታ ሣልኩ። ሰው ከወንበር ለመነሳት ይህን ያህል ቦታ አያስፈልገውም። ምን ለማዞር ነው? አልኩ። ደረጃ የሌለው በር ምን ለማስገባት ነው? አልኩ። ባለፈው ዓመት ለክሊኒኩ የካርድ ክፍል ጠረጴዛ ስሠራ ለተሽከርካሪ ወንበር ብለው የሰጡኝ ልክ ትዝ አለኝ። ሄጄ ደብተሬን ገለጥኩ። ያው ነው። አንድ ቁጥር አልተለወጠም።

ወርክሾፑን ሳልዘጋ ወደ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር።

"ሚጣ በእግሯ ትሄዳለች?" አልኳት።

ካውያውን አቆመችው። "ቁጭ በል" አለችኝ።

"ትሄዳለች ወይ ነው ያልኩሽ።"

"አትሄድም" አለች። "ከግንቦት ጀምሮ።"

አልጮህኩም። አልተቀመጥኩምም። የሸሚዟን አንገትጌ እያየሁ ቆሜ ቀረሁ፤ ግማሹ ተተኩሷል፣ ግማሹ ተጨማድዷል። ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም። ግንቦት ውስጥ "የሁለት ሳምንት ሥልጠና አለብኝ" ብላ ሄዳ ነበር። ቦርሳዋን እስከ መኪናው የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። ሥልጠናው ያንቺ አልጋ አጠገብ እንደነበር ትናንት ሰማሁ። ስትመለስ "እንዴት ነበር?" ብያት "ከባድ ነበር" ነው ያለችኝ። እኔም "አይዞሽ፣ የምስክር ወረቀቱን እንሰቅለዋለን" ብዬ ቀለድኩ። ፍሬሙን ሁሉ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ባዶውን ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል።

ምን እንደሆንሽ ጠየቅኳት። "ከላይ የወደቀ ነገር ጀርባዋን መታት" አለች። ምን ነገር? ብላት "እሱን እሷ ትንገርህ፤ እኔ አደራ አለብኝ" ብላ አፏን ዘጋች። ይህን ይዛ ስድስት ወር ከአንድ ማዕድ አብራኝ የበላች ሴት ናት። ፊቷን ሳየው የማላውቃት ሰው ሆነችብኝ።

አባባንና እማማን ከቀበርን ወዲህ የቀረነው ሁለት ነን። አንቺ ሞት አፋፍ ላይ ሆነሽ እኔ እዚህ የሰው በር ስሰቅል ነበር። ምን በድዬሽ ነው? ምንድን ነው የወደቀብሽ?

ወንድምሽ


ኅዳር 21 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው። እትዬም አጠገብህ ትሁን።

ግንቦት 11 ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። አውቶቡሷን ገበያው ዳር አቁሜ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የአንዲት አስተማሪ ሰዓት አጎንብሼ እየፈታሁ ነበር። ወረንጦው ጫፍ ላይ ከጤፍ የምታንስ ብሎን ይዤ ነበርና ትንፋሼን ዋጥ አድርጌያለሁ። ከላይ ድምፅ ሰማሁ፤ ጨርቅ ሲቀደድ ያለ። ቀና ለማለት አልደረስኩም። ከመስኮቱ በላይ የሰቀልከው ሣጥን ነው የወደቀብኝ።

ይኸው ጻፍኩት። ስድስት ወር የተደበቅኩህ ይህን አንድ መስመር ላለመጻፍ ነው። ስልኬም አልተበላሸም፤ ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ዘግቼው ነው።

አከርካሪዬ ነው የተጎዳው። ከወገቤ በታች የሰው አካል ተውሼ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። የሚነካኝን እንኳ የማውቀው ዓይቼ ነው። እትዬን ያስጠራሁት ነርስ ስለሆነች ብቻ አይደለም። አንተን ማስቆም የምትችል እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። በአባባና በእማማ አስማልኳት። "ልንገረው" ብላ ስንት ጊዜ ለምናኛለች መሰለህ። እሷን አትቀየማት።

ለምን ደበቅሽኝ ላልከው፣ ስለማውቅህ ነው። አንድ በር በደንብ አልገጥም ብሎ እህል የሚዘጋህ ሰው ነህ። ይህን ብትሰማ መጋዝህን ሰቅለህ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። ስለዚህ "ሳይሰማ ጠረጴዛውን ይሥራልኝ" አልኩ። ሠርተህልኝ፣ ክርኔን አሳርፌበት፣ ሰው ሰዓቱን ተቀብሎኝ፣ ከዚያ ብትሰማ ትችለዋለህ ብዬ ነበር። የሞኝ ብልጠት ነው። አናጺን በሳንቲ ሜትር ማታለል እንደማይቻል ማወቅ ነበረብኝ።

ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ይህን ያዝልኝ። "ልብስና ብርድ ልብስ ብቻ" ብለኸኝ ነበር። እኔ የትልልቅ ሰዓቶች ተንጠልጣይ የብረት ክብደት፣ ብረት መቆንጠጫ ሞርሳውን፣ የአባባን መሣሪያዎች ሳይቀር አጨቅኩበት። መካኒኩ ሰብስቦ ሲመዝነው ሰማንያ ኪሎ ሆነ። ሰማንያ ኪሎ የትኛው ሣጥን ይችላል? እኔው ጭኜ፣ እኔው ሥሩ ተቀመጥኩ። ስለዚህ መጋዝህን አትስቀል።

ሚጣ


ታኅሣሥ 5 ቀን

ሚጣ፣

እንዳልሽኝ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። ስጨርስ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። "ተናገር እንጂ" አለችኝ። ተነስቼ ወርክሾፕ ሄድኩና የጠመኔውን ሥዕል እያየሁ ዋልኩ። እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ።

ሰማንያ ኪሎ የትኛው ሣጥን ይችላል ብለሻል። የእኔ ይችላል። መቶ ሃያ እንዲሸከም አድርጌ ነው የሠራሁት። "ልብስ ብቻ" ያልኩሽ በሌላ ምክንያት ነው።

ካቻምና አውቶቡስሽን ስሠራልሽ ሣጥኑን የሰቀልኩት በመጨረሻው ቀን ነበር። በስምንት ብሎን ነው የሚያዘው፤ ስምንቱም ላሜራውን አልፈው ከጀርባው ካለው ጎድን ብረት ጋር መታሰር ነበረባቸው። አራቱን አሰርኩ። አምስተኛው ላይ የመሰርሰሪያዬ ጫፍ ብረቱ ውስጥ ተሰበረ። መለዋወጫ አልያዝኩም። የምሳፈርበት መኪና ሊነሳ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር፤ አንቺ ከገበያ አልተመለስሽም። ለቀሩት አራቱ ብረቱን ትቼ፣ አጫጭር ብሎን ላሜራው ላይ ብቻ አጠበቅኩባቸው። ላሜራ ማለት ወረቀት ነው። ጭንቅላታቸውን ላየው ግን ስምንቱም አንድ ናቸው። መጥተሽ "አለቀ?" አልሽኝ። "አለቀ" አልኩሽ።

በሚቀጥለው ወር መጥቼ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር፤ በእውነት ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ወር የትምህርት ቤቱ የወንበር ሥራ መጣ። ቀጥሎ የጣራ ሥራ መጣ። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ "እስካሁን ያልወደቀ አይወድቅም" ማለት ጀመርኩ። በየደብዳቤው ስለ ሣጥኑ ስጠይቅሽ የነበረው ለዚህ ነው። "ደህና ነው" ባልሽኝ ቁጥር ለአንድ ወር ነፍሴ ታርፋለች።

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ትናንት ለባለቤቴ ነገርኳት። ስታልፍ ትከሻዬን ነካ ታደርገኝ ነበር፤ እሱን ትታዋለች።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። አንቺም ራስሽን እንደወቀስሽ ትኖሪ ነበር። እሱን ማድረግ አልቻልኩም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ በምን አፌ። ግን እወቂው፣ ከሰማንያው ኪሎ አንዷ እንኳ ያንቺ ጥፋት አይደለችም።

ሳንቃው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መላጊያውን ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ሰፈር ሌላ ጥሩ አናጺ አለ፤ ልኩን ለእሱ ልስጠው?

ወንድምሽ


ጥር 22 ቀን

ለወንድሜ፣

በጽሑፍ ከምሳደብ ዝም ይሻላል ብዬ ነው የቆየሁት። ከዚያ ወዲህ የላክሃቸውን ሁለት ደብዳቤዎች አልከፈትኳቸውም። እትዬ ስልክ ደውላልኝ ነበር፤ እሷንም ስላንተ እንዳታወራኝ ነገርኳት።

የብሎኑን ደብዳቤ አንብቤ እንደጨረስኩ መካኒኩን ጠራሁት። ግድግዳውን እንዲያይልኝ ነገርኩት። ባትሪ አብርቶ ጣቱን በየቀዳዳው አስገባ። "አራቱ ብረት አላቸው፣ አራቱ ባዶ ናቸው" አለኝ። ሳይገረም ነው ያለኝ።

"ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"ሣጥኑን ያነሳሁ ቀን አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ወንድሜ ነው የሠራው ብለሽኝ ነበራ" አለ።

እሱ ለእኔ ብሎ ዝም አለ። እትዬ ለእኔ ብላ ዝም አለች። እኔ ለአንተ ብዬ ዝም አልኩ። ሁላችንም በፍቅር ዝም ስንል ነበር። አንተ ግን ለማን ብለህ ነው ዝም ያልከው?

በጣም ያመመኝን ልንገርህ። ብሎኑ አይደለም። ጫፍ ይሰበራል፣ ሰው ይቸኩላል። ሁለት ዓመት ሙሉ "ሣጥኑ እንዴት ነው?" ስትለኝ ከልቤ እስቅ ነበር። ለእኔ ካለህ ስስት ይመስለኝ ነበር። ለደንበኞቼ ሳይቀር "ወንድሜ ከእኔ የሣጥኑን ጤና ያስቀድማል" እያልኩ አወራ ነበር። "አራት ብሎን ጎድሎታል፣ መካኒክ ጥሪ" ብለህ አንዲት መስመር ብትጽፍልኝ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። መካኒኩን ጠይቄዋለሁ፤ አሥር ደቂቃ ነው ያለኝ።

ጠረጴዛውን ለሌላ አናጺ ልስጥ ወይ ላልከው፣ አትስጥ። እዚህ የተከመረው የሰው ሰዓት አርባ ሁለት ደርሷል። ጭኔ ላይ ትሪ አድርጌ ነው የምሠራው። ጭኔ ስለማይሰማኝ ትሪው መንሸራተቱን የማውቀው ብሎኖቹ ወለሉን ሲመቱ ነው። ያኔ ሰው እስኪመጣና እስኪለቅምልኝ እጠብቃለሁ። ጠረጴዛ ያስፈልገኛል፤ አንተን የሚያክል አናጺም አላውቅም። ይህን የምልህ ይቅር ብዬህ አይደለም። ይቅርታው ገና አልመጣም፤ ይምጣ አይምጣም አላውቅም። ሥራው ግን እሱን አይጠብቅም።

ይዘኸው ና። እያንዳንዱን ብሎን መካኒኩ ያየዋል፤ እኔም አጠገብህ ሆኜ አያለሁ።

ሚጣ


የካቲት 8 ቀን

ሚጣ፣

ማክሰኞ ከቀትር በፊት እደርሳለሁ። የት እንደማድር አታስቢ፤ ከመካኒኩ ጋር ተነጋግሬያለሁ።

ጠረጴዛው አልቋል። መላጊያውን ያነሳሁት ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ነው። እጄ ሲንቀጠቀጥ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ። "መርፌ የምትወጋ ነርስ እጇ ቢንቀጠቀጥ በሽተኛውን ጥላ አትሄድም፤ ትንፋሿን ትሰበስባለች" አለችኝ። ከታኅሣሥ ወዲህ ከተናገረችኝ ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው። ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

ጉጡን አላወጣሁትም፤ ክንድሽ እንዳያርፍበት ግን ወደ ግራ እንዲውል አድርጌ ቆረጥኩት። ሦስቱን ጎን ጠርዝ አበጅቼለታለሁ። የፊቱን ዳር ዛፉ እንደሠራው ተውኩት፤ ከእሱ ወዲህ ጣት የማይጎዳ ትንሽ ቦይ ቆፍሬያለሁ፣ የሚንከባለል ነገር እዚያው ይቀራል። መሐሉ ላይ ወንበርሽ ቀረብ እንዲል ወደ ውስጥ ጎድጎድ ይላል። ሦስት ጊዜ ዘይት አጠጥቼዋለሁ። የመሰርሰሪያ ጫፍ ሰባት ይዣለሁ።

ሳታናግሪኝም እሠራለሁ። ባታዪኝም ይገባኛል።

ወንድምሽ


መጋቢት 3 ቀን

ወንድም ጋሼ፣

በሰላም መግባትህን እትዬ ነገረችኝ። አልበላም ብሏል ብላኛለች። ብላ።

ሦስቱን ቀን ብዙ አላወራንም፤ አሁን ልጻፈው። በሩ ላይ ስታየኝ ሳንቃውን እንደያዝክ ደርቀህ ቀረህ። መካኒኩ ከወዲያ ጫፍ "ወይ ግባ ወይ ውጣ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው" ባይልህ አሁንም እዚያው ነበርክ። እኔም ደንግጬ ነበር። ስትገባ ልልህ ያዘጋጀሁት ክፉ ንግግር ነበረኝ፤ ለሳምንታት ተለማምጄዋለሁ። ፊትህን ሳይ ተውኩት። ሰው በሁለት ዓመት እንዲህ ያረጃል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከጠረጴዛው ሥር ተኝተህ ስትሰረስር ባትሪ የያዝኩልህ እኔ ነበርኩ። መካኒኩ እያንዳንዱን ብሎን በሙሉ ክብደቱ እየተንጠለጠለ ሲፈትን አየሁ። ስድስተኛው ላይ ስታለቅስም ሰምቼሃለሁ። መሰርሰሪያው ይሸፍንልኛል ብለህ ነበር፤ አልሸፈነልህም። ባትሪውን ብቻ ሳላነቃንቅ ያዝኩልህ።

ሥራ ጀምሬያለሁ። ትናንት ጠዋት አንድ የቆየ የኪስ ሰዓት ፈታሁ። ክርኔ አረፈ፣ ወንበሩ ገባ፣ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ አደረግኩና ሥራው ዋጠኝ። ቀና ስል ፀሐይዋ በግንቡ በኩል ዞራለች። ለካ ጠዋቱን ሙሉ ስለ እግሬ አላሰብኩም። ከግንቦት ወዲህ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ለብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ፤ ደንግጬ ነው መሰለኝ።

ንዴቴ ግን አለቀ እንዳትል። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ወደ ወንበር ስሻገር ስምህን በክፉ አነሳለሁ። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ እመጣና ክርኔን አሳርፋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋልኝም።

ስትሄድ በሩ ላይ ቆመህ "ሌላ ጊዜ ልምጣ ወይስ ይቅርብኝ?" አልከኝ። እኔ አንገቴን ሰዓቱ ላይ ደፋሁ። ያልሰማሁህ መስሎህ ሄድክ። ሰምቼሃለሁ። ሳላስብበት መመለስ ስላልፈለግኩ ነው።

አስቤበታለሁ። አልጋው ከወንበሬ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። ስወርድ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ አንዱን ጊዜ ሌሊቱን ወለሉ ላይ አድሬ፣ መካኒኩ ጋራዡን ሊከፍት ሲደርስ ነው በክንዴ ተጎትቼ ወንበሩ ላይ የወጣሁት። ይህን ለእሱም ለእትዬም አልነገርኳቸውም። ለአንተ ነው የነገርኩህ።

ልኩን አልጽፍልህም። ና ለካው።

ሚጣ